በምርቃት የመጣው ጭምብል

ፍቃዱ የስልክ ሰው አይደለም። ለበዓል እንኳ እኔ ካልደወልኩ አይደውልም፤ ሲያነሳም «አለሁ» ብሎ ዝም ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ከኦክላንድ አጠገብ ካለችው አልባኒ ድንገት ሲደውልልኝ ሰው የሞተ መስሎኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የሞተ ሰው አልነበረም። የእሱ ልጅ ሃና እና የእኔዋ ሳራ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ኤርሶፍት ሊጀምሩ ነው። አተር የምታህል የፕላስቲክ ጥይት በሚተፋ የመጫወቻ ጠመንጃ፣ ቡድን ለይቶ ዛፍ ለዛፍ እየተሽሎከለኩ መታኮስ ማለት ነው። ሁለቱም ሃያዎቹን ያጋመሱ፣ የራሳቸውን ደመወዝ የሚበሉ ሴቶች ስለሆኑ ከልክል ቢባል የሚከለክል አባት የለም። ፍቃዱም የደወለው ለዚያ አልነበረም።

«ለጀማሪ የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ ዕቃ ይፈልጋሉ። ሱቁ አንተ ጋ ሳን ሆዜ ነው አሉ። አብረሃቸው ሂድና ምረጥላቸው» አለኝ።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ» አለና ዘጋው።

በዚህ ዓለም ላይ ለፍቃዱ ልጅ የዓይን መከላከያ ሊመርጥ የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ይህን ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አምኖኝ ነው? ሊፈትነኝ ነው? ወይስ ረስቶት? መርሳቱን አላምንም። ፍቃዱ በሰባት ዓመቱ ብይ የሰረቀውን ልጅ ስም ከነአባቱ የሚያስታውስ ሰው ነው።

ተጠራጣሪነት ከእኔ ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። ያደግነው ሁለታችንም መርካቶ ነው። እዚያ ሰፈር «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚባለው ተረት ሳይሆን የገበያ ሕግ ነበር። ሱቅ ድረስ የሚያደርስህ ሰው ከሻጩ ድርሻ አለው። የመጀመሪያው ዋጋ ውሸት ነው። ሻጭ በጣም የሚያወድሰው ዕቃ አልሸጥ ያለው ዕቃ ነው። ተከራክረህ፣ ጥለህ ሄደህ፣ ተጠርተህ ስትመለስ የምትሰማው ዋጋ ብቻ ወደ እውነቱ ይጠጋል። በዚህ ሕግ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬ፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ዲቪ ደርሶኝ ኦክላንድ ስገባ ሕጉን ከሻንጣዬ ጋር ይዤው ገባሁ። ፍቃዱ ከእኔ በስድስት ወር ቀድሞ መጥቶ ነበር። ጓሮዋ ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ ያላት፣ ሁለት ክፍል ቤት ተካፍለን መኖር ጀመርን።

የምንሠራው በርክሌ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የአንሶላ ማጠቢያው ክፍል ነበር። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። እኔ ከዚያ ስለ መውጣት ገና አላሰብኩም፤ ፍቃዱ ግን አስቦ ጨርሷል። ከሥራ በኋላ እየሄደ ስድስት ወር ሙሉ ብየዳ ተማረ፤ የመኪና ብየዳ አይደለም፣ በማጉያ መነጽር ሥር የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ ከኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ማያያዝ። በዚያ ጊዜ ሳን ሆዜ እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ አጥብቃ ትፈልግ ነበር። በመስከረም አንድ ፋብሪካ ደብዳቤ ጻፈለት፤ የእጅና የዓይን ፈተና፣ ማክሰኞ ጠዋት። ካለፈ በማግስቱ ሥራ ይጀምራል። ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፈው። ውኃ ልጠጣ በከፈትኩ ቁጥር አየው ነበር።

ኤርሶፍትን ያመጣብን ሮሚ ነው። ሮሚ ከባሕሩ ማዶ ከዳሊ ሲቲ እየተመላለሰ አብሮን የሚሠራ ፊሊፒንሳዊ ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምሳውን ካላካፈለ የማይዋጥለት ሰው። መጀመሪያ የቀረበኝ ጊዜ የተጠበሰ ጥቅል ነገር አቅርቦልኝ «ምን አለበት?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የአሳማ ሥጋ እንደማንበላ፣ ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም ነገርነው። ከዚያ በኋላ በእነዚያ ቀናት በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ የተሠራ አትክልት ብቻ ይዞ ይመጣ ጀመር። ሌላው ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እኔ ግን አንሶላ እያጠፍኩ የማስበው ሌላ ነበር፤ ይህ ሰው የእኔን የጾም ቀን በቃሉ የያዘው ምን ፈልጎ ነው?

የሚፈልገውን አንድ ቀን ነገረን። ከሳን ሆዜ በስተደቡብ የአንድ ጓደኛው ቤተሰብ ያረጀ የፕለም ፍሬ እርሻ አላቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይጫወታሉ፤ ሁለት ሰው ጎድሏቸዋል። ሮሚ ተናግሮ ሳይጨርስ ፍቃዱ እሺ አለ። ፈተናው እንቅልፍ ነስቶት ነበርና፣ ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ ሮጥ ሮጥ ብሎ መውጣት ፈለገ። ዕቃ ከየት እናመጣለን ስንል ሮሚ አታስቡ አለ። በዕረፍት ቀኑ በራሱ መኪና ሳን ሆዜ ወስዶ ርካሽ የሆነውን ያሳየናል። በራሱ መኪና፣ በራሱ ነዳጅ! እኔ ያን ጊዜ ነው ጉዳዩ የገባኝ። ሰውየው ደላላ ነው አልኩ።

የዚያን ቀን መንገድ እስካሁን አለ በዓይኔ። በግራ በኩል ያሉት ኮረብታዎች ሣራቸው ደርቆ የበሰለ ጤፍ መስለዋል፤ በቀኝ በኩል የባሕሩ ጭቃ በመስኮት ይሸተናል። ሮሚ የወሰደን ገበያ እንደኛው ገበያ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው። የተጠበሰ በቆሎ አለ፤ ቅቤና በርበሬ ይቀቡታል፤ አንዳንዱ አይብ ይነሰንስበታል። ሮሚ ለሦስታችንም ገዛ። እኔ በቆሎዬን እየጋጥኩ የምጠብቀው ወዴት ሱቅ እንደሚመራን ነበር።

መራን። ሻጯ የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት ነበረች፤ ከሮሚ ጋር በቋንቋቸው አወሩ፣ ሳቁ፣ እኛን አዩን፣ እንደገና ሳቁ። ከዚያ ዕቃ አወጣች። መጀመሪያ ያወጣችው ጠመንጃ አይደለም፤ ዙሪያውን በላስቲክ የታሸገ፣ ዓይንን ከጎንም ከላይም ከታችም የሚዘጋ መነጽር ነው። ከዚህ ጀምሩ አለች። ቀጥላ በየተኩሱ በእጅ የሚቀባበል ተራ የስፕሪንግ ጠመንጃ ሰጠችን። በቃ አለች። በባትሪ የሚሠራውን ስጠይቃት አሁን አትግዛ አለችኝ። የደረት ልብሱን፣ ጫማውን ጠየቅኳት፤ እሱንም አትግዛ። ዋጋ ቀንሺ ስላት ፈገግ ብላ ዋጋው ይሄው ነው አለች። መነጽሩ ከጠመንጃው ይበልጥ ነበር።

ከጠመንጃው የሚበልጥ መነጽር! አትግዛ የሚል ሻጭ! በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው ነገር ስለሆነ ከኋላው አንድ ተንኮል መኖሩን አልተጠራጠርኩም። ሮሚ በበኩሉ ምክሩን ያዘንብ ነበር። አፈሙዙ ላይ ያለችውን፣ መጫወቻ መሆኑን የምታሳየውን ብርቱካን ቀለም እንዳንነካት፣ በአውቶቡስም በመንገድም ከከረጢት እንዳናወጣው፣ «በተለይ እናንተ» አለ። ለምን በተለይ እኛ ብዬ ያን ጊዜ ተቀየምኩ። ጥቁር ሰው ኦክላንድ ውስጥ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ መታየቱ ምን እንደሚያስከትል የተረዳሁት ውዬ አድሬ ነው።

አስበንበት እንመለሳለን ብዬ ፍቃዱን ይዤ ወጣሁ። ዘወር ስል ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ቡናማ ጥቅል አውጥታ ለሮሚ ስትሰጠው አየሁ። አልከፈላትም። በብብቱ ሸጉጦ ተከተለን።

«አየህ? ድርሻውን ሰጠችው» አልኩት ፍቃዱን፣ በአማርኛ።

«የራሱ ዕቃ ይሆናላ» አለኝ ፍቃዱ። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ዕረፍቴ ነበር። ብቻዬን ሄጄ ከሌላ ሰው እንደምገዛ፣ ሮሚም እንደማያውቅ ለፍቃዱ ነገርኩት። ድርሻውን በእጄ ሰጠኝና «እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም፤ አንተ ጥሩ ነው ያልከውን አምጣልኝ። አደራ» አለኝ። ባርት በሚባለው ባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ገበያው ደረስኩ። የሴትዮዋን ሱቅ በሩቁ አልፌ መጨረሻው ረድፍ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶ አሮጌ ሬዲዮ፣ መጋዝ፣ የተበላሸ ሰዓትና ሁለት የፕላስቲክ ጠመንጃ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ዋጋ ጠራ። ግማሹን ሰጠሁት። ሳቀ። ጥዬ ሄድኩ። ጠራኝ። ተመለስኩ። አምላኬ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አገር ቤት ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያው ሐቀኛ ሻጭ ይኸው አልኩ። ሰውየው ዋጋ ስለቀነሰልኝ ብቻ አመንኩት። ያቺ ሴትዮ እውነተኛውን ዋጋ በመጀመሪያ ስለነገረችኝ ብቻ ጠረጠርኳት። አሁን ሳስበው እስቃለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አልስቅም።

ሁለቱን ጠመንጃ ወሰድኩ። መነጽር አለህ ወይ ስለው አናጢዎች የሚያደርጉትን ዓይነት ሁለት ስስ የፕላስቲክ መነጽር ሰጠኝ፤ ጎናቸው ክፍት ነው። ይበቃሉ አለ፤ ይበቃሉ አልኩ። ከዚያ እንደ ደንቡ ምርቃት ጠየቅኩ። ሁለት የገዛ ሰው ያለ ምርቃት አይሸኝም። ቃሉን ባያውቅም ነገሩ ገባው። ዘንግ ላይ ካንጠለጠለው ኮተት መሃል ፊትን ከግንባር እስከ አገጭ የሚሸፍን፣ ዓይኑ ላይ ወፍራም መስታወት ያለው ጭምብል አውርዶ ጨመረልኝ። አንድ ነው። ሌላ የለውም።

በአውቶቡሱ ላይ ጭምብሉን ጭኔ ላይ አድርጌ አሰብኩበት። ምርቃቱን ያገኘሁት በሁለታችን ስም ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን የተከራከርኩት እኔ፣ መንገዱን የሄድኩት እኔ፣ ፀሐዩ የመታኝ እኔ። ቤት ስደርስ ፍቃዱ ጠመንጃውን እያገላበጠ ጭምብሉን አየና «ይሄስ?» አለኝ። «የራሴን ጨምሬ የገዛሁት ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። መነጽሩን ሞክሮ «ቀላል ነው» ብሎ አመሰገነኝ።

በማግስቱ ሐሙስ ነው፤ ከሥራ እንደገባን፣ ፀሐይዋ ገና ሎሚው ዛፍ ላይ እያለች፣ ቅዳሜ እንዳናፍር ጓሮ እንለማመድ አልኩ። የቲማቲም ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ሰቀልን። እኔ ጭምብሌን አጠለቅኩ። ፍቃዱ ያቺን ስስ መነጽር አደረገና ከአጥሩ ጎን ቆሞ የሚመታውን ይቆጥርልኝ ጀመር። ሁለት ሳትኩ። ሦስተኛዋ የአጥሩን እንጨት መትታ ነጠረች። «ጧ» ያለውን ድምፅ ሰምቻለሁ። ፍቃዱ አልጮኸም። በመነጽሩ ጎን እጁን አስገብቶ ቀኝ ዓይኑን ያዘና ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ታደሰ፣ አይታየኝም» አለኝ።

እጁን አንስቼ ሳይ የዓይኑ ጥቁር ላይ ደም ቋጥሯል። ያን ጊዜ ፊቴ የመጣው ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው ደብዳቤ ነው። ማክሰኞ ጠዋት። እንዲህ ሆኖም ወዲያው ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ማንን ልጥራ? መኪና የለንም። አምቡላንስ ስንት እንደሚያስከፍል የሰማነው ወሬ ነበርና ፈራሁ። ሮሚን ልጥራው? ተደብቄው የገዛሁትን ሰው? እየተጠራጠርኩም ደወልኩ። ምን ሆነ፣ እንዴት ሆነ፣ ከየት ገዛችሁ አላለም። አታንቀሳቅሰው፣ ዓይኑን እንዳትነካው፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርገህ ያዘው አለና ከዳሊ ሲቲ ድልድዩን ተሻግሮ መጣ። በዚያ ሰዓት ያ ድልድይ እንዴት እንደሚጨናነቅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የወሰደን እዚያው የምንሠራበት ሆስፒታል ነው። ፍቃዱን ይዘውት ገቡ። ሮሚ ወደ መኪናው ሄዶ ያን ቡናማ ጥቅል ይዞ መጣና ወንበሩ ላይ ከጎኔ አስቀመጠው። ከፈትኩት። ሁለት መነጽር ነው፤ ሴትዮዋ ከሁሉ በፊት ያወጣችው ዓይነት፣ ዙሪያው በላስቲክ የታሸገ።

«የአክስቴ፣ የሻጯ ናቸው። ጨዋታው ካልጣማችሁ ለምን ትገዛላችሁ ብዬ ተውሼላችሁ ነበር፤ ቅዳሜ ልሰጣችሁ» አለኝ።

ዘመድ መሆናቸውን ገምቼ ነበር። እዚያ ላይ ልክ ነበርኩ። የቀረውን ሁሉ ግን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፤ ደላላውንም ድርሻውንም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስንገባ ፍቃዱ ትራስ ተደራርቦለት ቀና ብሎ ተኝቷል፤ ቀኝ ዓይኑ ታሽጓል። ዓይኑ ውስጥ ደም ፈሷል፣ እስኪመጠጥ ድረስ ማጎንበስም ማንበብም አይችልም አሉን። ስለ ማክሰኞ ማንም አላነሳም። በአንዱ ዓይኑ ሮሚን አየው፣ አመሰገነው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን ነበር የሚያየው። ጎንበስ ስል ጭምብሉ እስካሁን አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ አየሁ። ከቤት ስንወጣ ወደ ታች አውርጄው፣ በድንጋጤ ረስቼው፣ እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥዬው መጥቻለሁ።

«ጭምብሉ ምርቃት ነው አይደል?» አለኝ በአማርኛ፣ ሮሚ እንዳይሰማ አይመስለኝም፤ ለእኔ ብቻ ስለሆነ ነው።

የጭምብሉን ማሰሪያ ከአንገቴ ለማውለቅ ታገልኩ።

«ሲጀመር አውቄያለሁ። ሁለት ገዝቶ ያለ ምርቃት የሚወጣ የመርካቶ ልጅ አላውቅም» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፈረሱ ምን እንደሚሰማው ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ስንት ሳምንት ደላላ ፍለጋ ዓይኔን ሳፈጥ፣ ከሰው ቀምቶ ድርሻውን የሸጎጠው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ሮሚ በብብቱ የሸጎጠው ለእኛ ነበር፤ እኔ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት ከፍቃዱ ላይ ያነሳሁትን ነው።

ዓይኑ ዳነ። ለመንገድም ለመኪናም ለሰው ፊትም ይበቃል። ለዚያ ሥራ ግን አልበቃም፤ ከሁለት ወር በኋላ ሲፈተን ቀጭኑ ሽቦ ሁለት ሆኖ ታየው። በዚያው ሳምንት አንድ ማመልከቻ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «አንተ ሞክር። እጅህ አይንቀጠቀጥም፤ ማስተማሩን እኔ አስተምርሃለሁ» አለኝ። ይህንንም ጠርጥሬዋለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ለምን እያልኩ ተገላብጫለሁ። ግን ተቀበልኩ። ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ሰሌዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ። ሳን ሆዜ የገባሁት፣ ቤት የሠራሁት፣ ሳራን ያሳደግሁት በዚያ ሥራ ነው። እሱ አልባኒ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ስለዚያ ሐሙስ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንስተን አናውቅም። ያን የፕለም እርሻም አላየሁትም፤ አሁን ቤት ሠርተውበታል አሉ።

ቅዳሜ ዕለት ልጆቹን ይዤ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፤ ከመግባታችን ባትሪ ያለውን፣ ማነጣጠሪያ ያለውን፣ መብራት ያለውን ጠመንጃ ደረደረ። እኔ መጀመሪያ የዓይን መከላከያ አምጣ አልኩት። አመጣ። ጎኑን ዳሰስኩ፣ ላዩን ዳሰስኩ፣ ሲተኮስበት ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ሳራ «ዳድ፣ ፕሊስ» እያለች ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሻጩ ግን ደስ አለውና ጓሮ ወስዶ ተኮሰበት፤ አልተጫረም። እኩል የሆኑ ሁለት መነጽሮች፣ ሁለት ተራ የስፕሪንግ ጠመንጃዎች፣ መያዣ ከረጢት። የደረት ልብሱን አትግዙ አልኳቸው። ሃና «ጋሼ፣ አር ዩ ሹር?» አለችኝ። ሹር ነኝ አልኳት።

ከፍዬ ስጨርስ አፌ ከልማዱ አልተላቀቀምና ሁለት ስለገዛን ምን ትጨምርልናለህ አልኩት። ልጁ ሳቀና ከኋላው አፍና ጥርስን የሚሸፍን የሽቦ መረብ አንስቶ ሰጠኝ። አንድ። ሳራ እጇን ዘረጋች። እኔ የሃናን ከረጢት ከፍቼ አስገባሁት። ልጄ ምን ሆንክ በሚል ዓይን አየችኝ፤ ኋላ እነግርሻለሁ አልኳት።

እሑድ ከሰዓት ፍቃዱ ደወለ። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሲደውል ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ዕቃውን አየሁት። መነጽሩ ጥሩ ነው» አለኝ። ከዚያ ቆይቶ፣ «መረቡን ማን ገዛው?»

«ማንም። ምርቃት ነው።»

«ስንት ሰጡህ?»

«አንድ።»

በስልኩ ውስጥ የሱቁ በር ደወል ሲጮህ፣ ሰው ገብቶ ሲወጣ ይሰማኛል።

«ለሳራ እኔ እገዛላታለሁ። ባዶ ፊቷን አትሄድም» አለኝና ዘጋው።

ስልኩን አስቀምጬ፣ እንደ ልማዴ፣ በዚህች አነጋገሩ ውስጥ ስንጥሯን ፈለግሁ። ቃል በቃል ፈታሁት፣ ድምፁን መላልሼ ሰማሁት። እስከ ዛሬ ጠዋት አላገኘሁም።